ድምፅ ማጉያው ዝም ያለ ዕለት

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጓሳ፣ ያ የመንዝ ብርዳም ሜዳ፣ ከመጋዘን ውስጥ ሲጮህ ነው የከረመው። ቀልዴን አይደለም። የዞኑ የባህል ሳምንት፣ ሳምንት ይባል እንጂ ሁለት ሳምንት ነው፣ በእኛ ከተማ ይከበራል ተባለና፣ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን አስጠርጎ «ሥዕል ውስጥ መግባት» ያለውን ነገር አዘጋጀ። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ የተመለሰ የአገራችን ልጅ አራቱንም ግድግዳና ጣሪያውን በጓሳ ሞላው፤ ጅባራው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ጉሙ። ወለሉ ላይ እውነተኛ የጓሳ ሣር ተጎዘጎዘ። በየጥጉ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተሰቀለ። አራት ድምፅ ማጉያ በአራት ማዕዘን ቆሞ ነፋሱን፣ ነጎድጓዱን፣ የጅራፉን ጩኸት ይለቀዋል፤ ባለ ቀለም አምፖሎች ደግሞ ቦግ እልም እያሉ መብረቅ ነን ይላሉ። አምስተኛው ድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ ዞሮ ከጠዋት እስከ ማታ «ግቡ! ሳትደክሙ ጓሳን እዩ!» ይላል።

«ጓሳማ ከቤቴ ጀርባ ነው፤ ብርዱ ብርድ ልብሴን ሲገፍ ነው የሚያድረው። ደግሞ መጋዘን ገብቼ ልየው?» አሉ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው። ግን ገቡ። ሁለት ጊዜ ገቡ። ሰው መቼስ የራሱንም ደጅ በቀለም ሲያየው ይወዳል።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ የባህል ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ፣ ወንበር መልቀምና እንግዳ ሲመጣ መሯሯጥ ነው። ያን ሰሞን ቆሜ እተኛ ነበር። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተኝቼ አውቃለሁ፤ «እሺ፣ አስተያየትሽን» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ግን ያደከመኝ የባህል ሳምንቱ አልነበረም። ልጄ ናት።

ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መልኳን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ቆንጆ» ይላል፣ እስክትጮህ ድረስ። ድምፅ ይጎዳታል። ትፈራለች ማለቴ አይደለም፤ እንደ እሾህ ይወጋታል። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባለች። የሠርግ መኪና ጥሩምባ ከሰማች እጇን እስኪደማ ትነክሳለች። ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ ይዣት እወጣለሁ፤ ስለዚህ ዓመት እስከ ዓመት ቅዳሴ የማስቀድሰው ከግቢው ውጭ ቆሜ ነው። ቃል ከአፏ አይወጣም ማለት ይቻላል። ውሃ ስትፈልግ «ው» ትላለች፣ ሌላው ሁሉ ወይ ማንጎራጎር ነው ወይ ጩኸት። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በሬዲዮ ነው። ያን ጊዜ የነበሩን ቃላት ሌሎች ናቸው፤ ልክፍት፣ ቡዳ፣ የእናት ኃጢአት። ጸበል አመላለስናት። ሐኪም አሳየናት፤ «ስታድግ ይተዋታል» ብሎ መለሰን። አደገች፣ አልተዋትም።

የባህል ሳምንቱ የተከፈተ ዕለት ልጄን የሚይዝልኝ አጣሁ። የቀጠርናት ሠራተኛ እንደ ቀደሙት ሁሉ በሦስተኛ ወሯ ጓዟን ጠቅልላ ሄዳለች፤ አንዳንዴ የሚይዙልኝ ጎረቤቴም ገበያ ወጥተዋል። ምን ላድርግ? ይዣት መጣሁና ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳት። ልብ ይበሉ፣ የጅራፉ ድምፅ እንደሚለቀቅ አውቃለሁ፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድካም እንዲህ ያጃጅላል። ጅራፉ ሲጮህ ልጄ በሩን በርግዳ ወጥታ በቀጥታ ሕዝቡ መሃል ገባች፤ መብረቁ ቦግ ሲልባት መሬት ላይ ወደቀች። ምናለፋችሁ፣ ከተማው ሁሉ ከበበን። «ውሃ አምጡ!» ይላል አንዱ። «ክብሪት ጫሩላት!» ይላል ሌላው፤ የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት እየጫሩ አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። እኔ ላይዋ ላይ ተደፍቼ ጆሮዋን በደረቴ ሸፈንኩ። ከላያችን ነጎድጓዱ ይጮሃል፤ የሚያጠፋው ሰው ቁልፉን ይዞ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።

ማታ ባለቤቴ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ቀጥዬ የምነግራችሁ ክፉ ያስመስለዋልና። ልጅቷ ስትጮህ እጇን እንዳትነክስ እጇን ይዞ የሚያነጋው እሱ ነው። ክንዱ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ፤ በበጋም ረጅም እጅጌ የሚለብሰው ለዚህ ነው።

«ለእናቴ መልእክት ልኬላቸዋለሁ» አለኝ። «የባህል ሳምንቱ ሲያልቅ ግሼ እወስዳታለሁ።»

ግሼ፣ አማቴ ዘንድ። አማቴ ደግ ናቸው፣ ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ሮጠው ሊይዟት አይችሉም። ስለዚህ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ጓዳ ያስገቧትና በሩን ከውጭ ይቀረቅራሉ። እንዲያ ያለ ልጅ በእንዲያ ያለ ጓዳ ውስጥ አይቼ አውቃለሁ፤ ከአንድ ዘመዳችን ቤት፣ እንግዳ ሲመጣ ጩኸቱ «በግ ነው» እየተባለ።

«ሰው መሃል መኖር አትችልም። አየሽው እኮ» አለ።

«ሰው መሃል አንድ ሰዓት መቆየት ከቻለችስ?»

«አንድ ሰዓት?» ፈገግ እንደ ማለት አለ፣ ፌዝ አልነበረም። «አንድ ሰዓት ከቻለች አልወስዳትም።»

«ማልልኝ።»

«እናቴን!» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ምሽት ስከራከረው ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። አንድ ሌሊት፣ አንድ ሌሊት ብቻ ሳልነቃ ባድር የሚለውን ሐሳብ እንደ ኃጢአት ይዤው እዞራለሁ። የወለደ አልጸደቀ ይባላል። እውነት ነው፣ አልጸደቅኩም።

በማግስቱ ሠዓሊው ፈለገኝ። ቀጭን፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ ቀለም ከጥፍሩ አይለቅም። ልጄ በእሱ ሥራ ምክንያት የወደቀች መስሎት ሌሊቱን አልተኛም። «እኔ ስሥል» አለኝ፣ «ድምፁም መብራቱም የለም ነበር። ቤቱ እንደዚያ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ለአንድ ሰዓት ሁሉንም ብናጠፋውና ልጅሽ ብትገባስ? እንደሷ ያሉም ካሉ ይምጡ።»

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። ይሄን እኔ እናቷ እንዴት አላሰብኩትም?

ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ አንተ ነው የምለው።

«ይሄ በዕቅድ ተይዟል?» አለኝ።

«አልተያዘም።»

«በጀት?»

«ማጥፋት ምን በጀት ይፈልጋል? እንዲያውም መብራት እንቆጥባለን።»

«ግምገማ ላይ ‹ሕዝብ በሚጎበኝበት ሰዓት ለምን አጠፋችሁ› ቢሉኝስ?»

«የልዩ ፍላጎት ተደራሽነት ነው በላቸው።» ሐረጉን የሆነ ሥልጠና ላይ ነው የለቀምኩት። ዓይኑ በራ፤ አጀንዳውን አውጥቶ ጻፋት። ከዚያ ግን ፍርሃቱ መለስ አለበት። «እሺ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከዘጠኝ እስከ አሥር። ግን ማስታወቂያ የሚባል ነገር እንዳትለጥፊ። ለከተማው አይወራ። ከላይ የመጣ ሰው ሰምቶ እንዳይጠይቀኝ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እሺ አልኩ። እንደ ልጄ ያለ ልጅ እንዳላቸው ለማውቃቸው ሦስት እናቶች ብቻ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አንዷ «እኔ እንዲህ ያለ ልጅ የለኝም» አለችኝ። ልጇን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አልፈረድኩባትም።

ረቡዕ ደረሰ። ልጄን ከቤት ማውጣቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ የሚኒባስ ረዳቶች በሚጮኹበት መናኸሪያ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ በጋቢ ከራሷ እስከ እግሯ ጠቀለልኳት። የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ወታደር የነበሩ ሰው፣ ቤቴ ድረስ መጥተው እንደ ነዶ አቀፏት። እኔ ከኋላ ከኋላ። ሌሊቱን ስላልተኛሁ ዓይኔ ቀልቶ አብጧል፣ ፀጉሬን አላበጠርኩም፣ ያጠለቅኩትም እጄ የገባውን ጥቁር ቀሚስ ነው። አሁን ሳስበው፣ ያየ ሰው ምን ይበል!

መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በሩ የብረት በር ነው፤ ሲዘጋ ማጠፊያው ያንቋርራል፣ ያን ድምፅ ልጄ ጨርሶ አትችለውም። ክፍት ይሁን ካልን የመንገዱ ብርሃንና ሁካታ ይገባል። ሠዓሊው ሮጦ ከዕቃ ቤቱ የቲያትር መጋረጃ አመጣ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር። እሱን በሩ ላይ ሰቀልነው። ድምፅ ማጉያዎቹን በሙሉ አጠፋናቸው፣ ወደ መንገድ የዞረውንም ጭምር።

«ጋሼ» አልኳቸው ዘበኛውን፣ «ማንም ቢጠይቅዎ ምንም አይናገሩ። ኃላፊው አይወራ ብሏል። ብቻ ሰው ድምፅ እንዳያሰማ ይጠብቁልኝ።»

«ዝም አይነቅዝም። ለዚህ እኔ አለሁ» አሉኝና ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

ልጄን ጋቢውን ስገልጥላት ጆሮዋን እንደያዘች ነበር። ጠበቀች። ነጎድጓዱን እየጠበቀች መሆኑ ገባኝ። ምንም አልመጣም። ከጣሪያው ስንጥቅ የሚገባ ትንሽ ብርሃን ብቻ አለ። አንድ እጇን አወረደች። ቆይታ ሌላውን። ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ቤት ውስጥ ጫማ ላውልቅልሽ ስላት የምትነክሰኝ ልጅ። ባናው ጋ ሄዳ ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች፣ ቀበሮው ጋ ስትደርስ ጀርባውን እያሻሸች፣ ማንጎራጎር ጀመረች። የጩኸቷ አይደለም። ሌላ ነው፣ ስትጠግብ የምታወጣው ነው።

ከሦስቱ እናቶች አንዷም አልመጣችም። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ሠዓሊው ሥዕሉ ሥር ተቀምጦ እሷን ያያል። ልጄ እንዲህ ደስ ብሏት እኔ ግን አንጀቴ አረረ። የተማማልነው «ሰው መሃል» ነው። ሰው የት አለ? ባዶ መጋዘን ውስጥ ዝም ብላ ቆየች ብዬ ለባለቤቴ ብነግረው «በይ እንግዲህ ባዶ መጋዘን ፈልገሽ አኑሪያት» ነው የሚለኝ፤ እውነቱን ነው። ጆንያ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያነቃኝ ዋይታ ነው።

ውጭ ምን እንደሆነ አሁን ላስረዳችሁ፤ እኔ ያን ጊዜ አላወቅሁትም። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ የከረመ ድምፅ ማጉያ በጠራራ ቀን ድንገት ዝም አለ። ባለፈው እዚያው የወደቀችው ልጅ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላ በሰው እቅፍ ገባች። እናቷ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከኋላ ነበረች። በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቀለ። ሰው መጥቶ ዘበኛውን «ምን ሆናችሁ?» ሲላቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «እኔ ምንም አልናገርም፤ ድምፅ ሳታሰሙ እለፉ» ይላሉ። በእኛ አገር ደግሞ የሰው ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። አልናገርም ማለት ነገሩን መንገር ነው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ያን ዕለት ከከተማ ባይወጣ ኖሮ ይነፋ ነበር።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ከአሥራ አምስት የማያንሱ ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን ይዘው። ከፊት ጎረቤቴ ናቸው። ልጄን ከነጩኸቷ የሚወዷት ሴት ናቸው፤ እኔ ሥራ ስገባ ስንት ቀን ጠብቀውልኛል። አንገቴን አንቀው ያዙኝ።

«ወየው ልጄን! ወየው የኔ እመቤት! አይዞሽ… አይዞሽ የኔ ልጅ። አረፈች። እሷም አረፈች፣ አንቺም አረፍሽ!»

አንቺም አረፍሽ።

እዚህ ላይ ልዋሽ እችላለሁ፤ የሚያውቅብኝ የለም። ልጄ በሕይወት እንዳለች አውቃለሁ፣ አሁን ስታንጎራጉር ትቻት መውጣቴ ነው። ግን ከእንቅልፌ ገና አልጠራሁም፣ ቃሉም ገባኝ። ትከሻዬ ወረደ። እፎይ አልኩ። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ግን አልኩ።

ከዚያ ነው የደነገጥኩት። እጄን አፋቸው ላይ ጫንኩ። «በእመቤቴ ዝም በሉ! አልሞተችም! ውስጥ ናት፣ ትሰማለች፣ ዝም በሉ!»

እሱ ባሰ። «ውይ፣ አእምሮዋን ሳተች!» አሉና ሁለት ሴቶች ራሴን እንዳልጎዳ ክንዴን ግራና ቀኝ ያዙኝ። ያዘነ ሰው እንዲህ ነው የሚያዘው። «አልሞተችም» ባልኩ ቁጥር ይብሳሉ። «እናት ነች፣ እንዴት ይዋጥላት!» ይላሉ። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይሄ ነው፤ የራሴን ልጅ ሞት እኔኑ ያሳምኑኛል። ዘበኛው ደግሞ ዝም ይበሉ ባልኳቸው ጸንተው እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!»

«አይናገሩ ብለሽኛል» አሉኝ።

እግዜር ያሳያችሁ! በመጨረሻ ክንዴን አስለቅቄ ጎረቤቴን በነጠላቸው ጎትቼ ጭንቅላታቸውን በመጋረጃው መሃል አስገባሁት። ውስጥ ልጄ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንድ እግሯን አንስታ የጣሪያውን ጉም በእግር ጣቷ ትከተላለች። ጆሮዋን ይዛለች። ግን አልጮኸችም፣ አልነከሰችም።

«በስመ አብ» አሉ ጎረቤቴ በሹክሹክታ።

ጭንቅላታቸውን አውጥተው ወደ ሴቶቹ ዞሩና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዋይታው ተቆረጠ። ሁሉም አፍሮ እግሩን ያያል። አንዷ ነጠላዋን ልትመልስ ጀመረች። ጎረቤቴ ያዟት።

«ተዪ። ለቅሶ ብለን ነጠላ አዘቅዝቀን ከቤታችን ወጥተናል። ሳንቀመጥ ብንመለስ ሟርት ይሆንባታል። ገብተን እንቀመጥ። ቃል እንዳይወጣችሁ።»

እንዲህ ያለ ደንብ ይኑር አይኑር አላውቅም። የተከራከራቸው ግን የለም። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ። በግድግዳው ዙሪያ ጆንያውን፣ ባናውን፣ ሣሩን እየተደገፉ ተቀመጡ። የማንም ጉሮሮ አልተጠረገም። የጀመረ እንባ ቶሎ አይቆምምና አንዳንዶቹ ዝም ብለው ያነባሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። እንግዲህ ሰው መጣ። ሰው መሃል ናት።

ልጄ ተነሥታ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ከዚያ ተነሥታ ከመጀመሪያዋ ሴት ፊት ቆመችና የነጠላዋን ጥለት በሁለት ጣቷ ይዛ አሸችው። ወደ ቀጣይዋ ሄደች፣ የእሷንም አሸች። ማንም አልነካት፣ ማንም «ነይ የኔ ቆንጆ» አላላት፣ ማንም አልሳማት። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ማን ይጫወታል? ሕፃን ሲያይ ሳይስም የማያልፍ የመንዝ ሰው ያን ቀን እጁን ሰብስቦ ተቀመጠላት። ከዳር እስከ ዳር ጥለት ስታሽ ቆየች። ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ደገመች።

ባለቤቴ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ከክፍል ጠርተውት ነበር። «ልጅቷን ትንሽ አሟታል፣ ና እንሂድ» ነው ያሉት። በሁለት ሽማግሌ ከሥራው ተጠርቶ «ትንሽ አሟታል» የተባለ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አይጠይቅም። እሱም አልጠየቀም። መጋረጃውን ሲገልጥ ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየ፣ ዳር ዳሩን አየ፣ ከዚያ መሃል ላይ በባዶ እግሯ የቆመችውን ልጁን አየ። ጠመኔ የነካው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቁጭ አለ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ መሬት።  ልጄ ዘወር ብላ አየችውና ወደ ጥለቷ ተመለሰች።

ሰዓቴን ያየሁት ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ነው። አሥራ አንድ ሊሆን ነው፤ ሰው መሃል አንድ ሰዓት አልፏታል። ጎረቤቴ ሲወጡ እጄን ጨብጠው «ይቅር በይኝ፣ ያልኩትን ነገር…» አሉኝ። የቱን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ጋቢዋን ተከናንባ ከፊታችን ትሄዳለች። ባለቤቴ ከጎኔ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ቆመ።

«ሲነግሩኝ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ‹አይሁን› እያልኩ ነው የሄድኩት» አለ። «ከበሩ ወዲህ ግን…»

«ከበሩ ወዲህ ምን?»

«እፎይ አልኩ።» ሊያየኝ አልቻለም። «ሰማሽኝ? ልጄ ሞተች ብዬ እፎይ አልኩ። እኔ ምን ዓይነት አባት ነኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን በድንጋይ እለው ነበር። ያን ቀን ግን አቅምም አልነበረኝም፣ መብትም አልነበረኝም።

«ጎረቤታችን ‹አንቺም አረፍሽ› ሲሉኝ እኔም ብያለሁ» አልኩት። «ያውም እኔ በሕይወት እንዳለች እያወቅሁ።»

አየኝ። የተጣላኝ መሰለኝ። እጄን ያዘ፤ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን፣ ባልና ሚስት እንዲያ በማይደረግበት ከተማ። ለእሷ ያላለቀስነውን ለቅሶ ለራሳችን ቆመን አለቀስን። ልጄ እየራቀች ስትሄድ ተከተልናት።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ለእናቴ አይጠብቁን ብዬ መልእክት እልክላቸዋለሁ» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ሌላ ረቡዕ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አንድ አለ።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ክፍል የለኝም።»

ያን ቀንም ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ከሃምሳ ተማሪ ፊት ጠርተውት ነው የመጣው፤ ጠመኔው ገና ከእጁ አልለቀቀም።

«እሺ» አልኩት።